የብሪታንያ ፈቃድ ያለው የኢንተርኔት ቁማርና የባሕር ማዶ ካዚኖ፦ ለተጫዋቹ ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ብሪታንያ ውስጥ ሆኖ በስልኩ የካዚኖ ጨዋታ የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ድርጅቶችን ያገኛል። አንደኛው በርሚንግሃም ከተማ ከተቀመጠው የቁማር ኮሚሽን (ጋምብሊንግ ኮሚሽን) ፈቃድ አውጥቶ በኮሚሽኑ ደንብ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ኩራሳው፣ አንዡዋን ወይም ሌላ ደሴት ላይ ተመዝግቦ፣ ከብሪታንያ ምንም ዓይነት ፈቃድ ሳይኖረው የብሪታንያን ተጫዋች የሚያስተናግድ ነው። ሁለቱ ገጾች ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። ጨዋታዎቹ ይመሳሰላሉ፣ ሒሳቡ በፓውንድ ነው፣ ከገጹ ጥግ ላይ «ምን እንርዳዎ?» የሚል የጽሑፍ መስኮት አለ። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የሚወጣው በሁለት ቀናት ነው፦ ተጫዋቹ ያሸነፈውን ገንዘብ ማውጣት በፈለገበት ቀንና ከናካቴው መጫወት ማቆም በፈለገበት ቀን። ስለዚህ ሁለቱን የምመዝናቸው በዋናነት በእነዚህ ሁለት ቀናት ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ «የባሕር ማዶ» የሚለው ቃል ራሱ ግር እንዳያሰኝ ማጥራት ያስፈልጋል። የቁማር ኮሚሽንን ያቋቋመው የ2005 የቁማር ሕግ ሲሆን፣ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው በሴፕቴምበር 2007 ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ፈቃድ የሚጠየቀው የድርጅቱ መሣሪያዎች ብሪታንያ ውስጥ ከተተከሉ ብቻ ስለነበረ፣ ታላላቆቹ አወራራጆች ግብሩ ዝቅ ወዳለባቸው ወደ ጅብራልታር፣ ወደ ማልታና አይል ኦፍ ማን ወደምትባለው ደሴት ሄደው ከዚያ ሆነው ያለ ብሪታንያ ፈቃድ ይሠሩ ነበር። ይህን የለወጠው በ2014 የወጣው ሕግ ነው። ከኖቬምበር 1 ቀን 2014 ጀምሮ ጥያቄው «ድርጅቱ የት ተቀምጧል?» መሆኑ ቀርቶ «ተጫዋቹ የት ተቀምጧል?» ሆነ። ተጫዋቹ እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ ወይም ዌልስ ውስጥ ከሆነ፣ አቋማሪው ድርጅት ጽሕፈት ቤቱን የትም ይክፈት የት፣ የኮሚሽኑን ፈቃድ መያዝ አለበት። (ሰሜን አየርላንድ የራሷ የተለየ ሕግ አላት።) እንግዲህ ጽሕፈት ቤቱ ጅብራልታር ያለ ድርጅት የብሪታንያ ፈቃድ እስካለው ድረስ በዚህ ጽሑፍ አነጋገር የባሕር ማዶ ካዚኖ አይባልም። የባሕር ማዶ የምለው ያንን ፈቃድ ያላወጣውን ነው።

ፈቃድ ሳይኖረው የብሪታንያን ሰው የሚያጫውት ድርጅት ወንጀል ይሠራል። የሚጫወተው ሰው ግን በመጫወቱ አይከሰስም። የባሕር ማዶ ካዚኖዎችን የሚያስተዋውቁ ሰዎች ይህችን ነጥብ አጥብቀው ይይዟትና «ለተጫዋቹ ሙሉ በሙሉ ሕጋዊ ነው» እያሉ ይጽፋሉ። አባባሉ ግማሹ እውነት ስለሆነ ብዙ ሰው ያምነዋል። ሕጉ ተጫዋቹን አይቀጣም፤ ከዚያ አልፎ ገንዘቡ ቢቀርበት የሚጠይቅለትም የለም።

የባሕር ማዶ ካዚኖ የሚያቀርበውን ማባበያ አቅልሎ ማለፍ ደግሞ ትክክል አይደለም። ከፍተኛ ቦነስ ይሰጣል፣ የመደብ (በአንድ ዙር የሚመደብ ገንዘብ) ጣሪያ አያስቀምጥም፣ ሲመዘገቡ መታወቂያ አይጠይቅም፣ በክሪፕቶ ገንዘብ ይቀበላል፣ ብሪታንያ ውስጥ ከኤፕሪል 14 ቀን 2020 ጀምሮ ለቁማር የተከለከለውን ክሬዲት ካርድም ብዙ ጊዜ ይወስዳል። እነዚህ ነገሮች በሙሉ በወረቀት ላይ ሲታዩ ለተጫዋቹ የተደረጉ ውለታዎች ይመስላሉ። ስለዚህ ከመካከላቸው ሁለቱን፣ ማለትም ቦነሱንና የመደብ ጣሪያውን፣ እርሳስና ወረቀት ይዘን እናስላቸው።

አንድ የባሕር ማዶ ካዚኖ 100 ፓውንድ ላስገባ ሰው ሌላ 100 ፓውንድ ቦነስ ሰጠ እንበል። ከሥሩ በደቃቅ ጽሑፍ «ቦነሱ 40 ጊዜ መዞር አለበት» የሚል መስመር አለ። ይህ ማለት ተጫዋቹ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በድምሩ 4,000 ፓውንድ መመደብ አለበት ማለት ነው። ጨዋታው በአማካይ ከተመደበው 96 በመቶውን የሚመልስ ስሎት (ቁልፍ ሲጫኑ ምስሎች የሚሽከረከሩበት የዕድል ጨዋታ) ነው ብንል፣ ከእያንዳንዱ 100 ፓውንድ 4ቱ ቤቱ ዘንድ ይቀራል፤ ከ4,000 ፓውንድ ደግሞ 160 ይቀራል። በአማካይ ሲታሰብ እንግዲህ 100 ፓውንድ ስጦታ ለመቀበል 160 ፓውንድ ይከፈላል። አንድ ሰው ዕድል ቀንቶት ከዚህ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ሳይደርስ ባዶ እጁን ይቀራል። ብሪታንያ ፈቃድ ላላቸው ድርጅቶች ከጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ጀምሮ ይህን የማዞር ግዴታ ከ10 ጊዜ እንዳይበልጥ ወስናለች። ያው 100 ፓውንድ ቦነስ 10 ጊዜ ሲዞር 1,000 ፓውንድ ይመደብበታል፣ በአማካይም 40 ፓውንድ ያስከፍላል። ያነሰ የሚመስለው ቦነስ በወረቀት ሲሰላ የሚበልጠው እንዲህ ነው።

የመደብ ጣሪያውም እንደዚሁ ነው። ፈቃድ ባላቸው ገጾች ላይ በአንድ የስሎት ዙር መመደብ የሚቻለው ከኤፕሪል 9 ቀን 2025 ጀምሮ ቢበዛ 5 ፓውንድ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 24 ለሆኑት ደግሞ ከሜይ 21 ቀን 2025 ጀምሮ 2 ፓውንድ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኦክቶበር 2021፣ አንድ ዙር ከ2.5 ሰከንድ በታች እንዳይሆንና ማሽኑ ራሱ በራሱ እንዳይሽከረከር ተከልክሏል። ሳያርፍ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚጫን ሰው በዚህ ፍጥነት 1,440 ዙር ይጫወታል። በ5 ፓውንድ ሲባዛ 7,200 ፓውንድ ተመድቧል፤ በ96 በመቶው ስሌት በሰዓት 288 ፓውንድ ይከስራል። ይህም ቢሆን ቀላል ገንዘብ አይደለም። የመደብና የፍጥነት ገደብ የሌለበት ገጽ ላይ ግን ያው ሰው በየሰከንዱ 20 ፓውንድ እየመደበ ማሽኑን ለራሱ ሽክርክሪት ቢተወው፣ በአንድ ሰዓት 72,000 ፓውንድ ያልፋል፤ አማካይ ኪሳራውም 2,880 ፓውንድ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ይሆናል። ብዙ ደመወዝተኛ በወር ተሠርቶ የሚገኘውን ገንዘብ የቡና ማፍያ ያህል ጊዜ ውስጥ የሚያጣው እንዲህ ባለው ፍጥነት ነው።

በ2021ዱ ደንብ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት ነገር አለች፤ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የማያት እርሷን ነው። ቀደም ሲል አንድ ሰው 1 ፓውንድ መድቦ 40 ሳንቲም ሲመለስለት ማሽኑ ሙዚቃ ያሰማና መብራት ያንቦገቡግ ነበር። ሰውየው 60 ሳንቲም ከስሯል፤ ዓይኑና ጆሮው ግን እንዳሸነፈ ይነግሩታል። ፈቃድ ላላቸው ድርጅቶች ይህ ተከልክሏል። ደንቡን የጻፉት ሰዎች የተጫዋቹን አእምሮ የሚያታልለው ነገር ምን እንደሆነ በቅርብ ተመልክተው እንደጻፉት ያስታውቃል። ከኮሚሽኑ እጅ ውጭ በሆነ ገጽ ላይ ሙዚቃውና መብራቱ እንደ ድሮው ቢቀጥሉ የሚጠይቅ የለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን፣ ወደ ገንዘብ ማውጫው እንሂድ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤቲንግ ቤት ገብቶ ቲኬት መቁረጥ የለመደ ሰው ገንዘብ ከፋዩን ፊት ለፊት ያየዋል፤ ቢከለከል የሚቆምበት ደጃፍ፣ ድምፁን የሚያሰማበት መስኮት አለው። በስልክ የሚጫወት ሰው ይህ የለውም። ስለዚህ የሚያየው ከፋይ ሳይኖር ማን እንደሚያስከፍልለት ማወቅ አለበት።

የባሕር ማዶ ካዚኖ ላይ የተለመደው አካሄድ ይህን ይመስላል። ሰውየው ሲመዘገብ የተጠየቀው ኢሜይልና የይለፍ ቃል ብቻ ነው። 200 ፓውንድ ያስገባል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከሳምንት በኋላ ሒሳቡ 3,400 ፓውንድ ይደርስና «አውጣ» የሚለውን ይጫናል። ያኔ መታወቂያ ይጠየቃል። ፓስፖርቱን ይልካል፤ ፎቶው ደብዝዟል ይባላል። ደግሞ ይልካል። ቀጥሎ የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ፣ ከዚያ የባንክ መግለጫ፣ ከዚያም ፓስፖርቱን ከፊቱ አጠገብ ይዞ የተነሳው ፎቶ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ ሒሳቡ ላይ ተቀምጦ ይታየዋል፤ «ማውጣቱን ሰርዝና ተጫወት» የሚል ቁልፍም ከጎኑ አለ። ብዙ ሰው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሌሊት ያንን ቁልፍ ይጫነዋል። የማይጫን ካለ ደግሞ ቦነስ ላይ ሳለ ከተፈቀደው በላይ መድበሃል፣ ደንብ ጥሰሃል ተብሎ ያሸነፈው ሊሰረዝበት ይችላል።

ፈቃድ ያለው ድርጅት ይህን ቅደም ተከተል እንዲገለብጠው ተገድዷል። ከሜይ 7 ቀን 2019 ጀምሮ የተጫዋቹን ስም፣ አድራሻና የልደት ቀን ማረጋገጥ ያለበት ከመጫወቱ በፊት ነው፤ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይችል የነበረውን ማስረጃ ገንዘብ ማውጫው ላይ ቆይቶ እንደ መሰናክል ማምጣት አይፈቀድለትም። «ማውጣቱን ሰርዝ» የሚለው ቁልፍም በ2021 ተከልክሏል። ምዝገባው ላይ የሚያሰለቸው ጥያቄ እንግዲህ በመውጫው ላይ ከሚመጣው ጥያቄ የሚያድን ነው። ክርክር ቢነሳ ደግሞ ተጫዋቹ መጀመሪያ ለድርጅቱ አቤት ይላል፤ ካልተስማሙ ጉዳዩን ያለ ክፍያ ወደ ገለልተኛ የግልግል አካል ይወስዳል። ከ1998 ጀምሮ የሚሠራው ኢባስ የተባለው ተቋም ከእነዚህ አንዱ ነው። ከዚያም በላይ ፍርድ ቤት አለ።

የፍርድ ቤቱ ነገር ሰፋ ብሎ ሊነገር ይገባዋል። ብሪታንያ ውስጥ ከ1845 ጀምሮ ለአንድ መቶ ስልሳ ዓመት ያህል የቁማር ዕዳ በሕግ ማስከፈል አይቻልም ነበር፤ የክብር ዕዳ ነው ተብሎ ለከፋዩ ኅሊና ይተው ነበር። የ2005ቱ ሕግ ይህን አንስቶ የቁማር ውልን እንደማንኛውም ውል በፍርድ ቤት የሚጸና አደረገው። ውጤቱ በሁለት ጉዳዮች ላይ በግልጽ ታይቷል። በጃንዋሪ 2018 አንድ የሊንከንሺር ነዋሪ በቤትፍሬድ ገጽ ላይ ብላክጃክ የተባለውን የካርታ ጨዋታ ሲጫወት 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ ያሸንፋል። ድርጅቱ ጨዋታው ብልሽት ነበረበት በማለት አልከፍልም አለ። ጽሕፈት ቤቱ ጅብራልታር የነበረው ይህ ድርጅት ለንደን በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተከስሶ፣ በኤፕሪል 2021 የተመካባቸው የውል አንቀጾች ለተጫዋቹ ግልጽና ተገቢ በሆነ መንገድ አልቀረቡም ተብሎ ተረታ። በሁለተኛው ጉዳይ በኦክቶበር 2020 አንዲት የግሎስተርሺር ሴት በፓዲ ፓወር ገጽ ላይ ስትጫወት ስክሪኑ ትልቁን ሽልማት፣ 1,097,132.71 ፓውንድ፣ ማሸነፏን ያሳያታል። የተከፈላት ግን 20,265.14 ፓውንድ ብቻ ነበር። ድርጅቱ ስክሪኑ በስሕተት ነው ያሳየው ብሎ ተከራከረ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በማርች 2025 ለሴትዮዋ ፈረደ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች ገንዘባቸውን ለማግኘት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን የሚከሰስ ስም፣ የሚደርስ መጥሪያና የሚፈጸም ፍርድ ነበራቸው። የባሕር ማዶ ካዚኖ ላይ ያሸነፈ ሰው ውሉን ቢያነብ ክርክሩ የሚታየው በደሴቲቱ ፍርድ ቤት ነው የሚል አንቀጽ ያገኛል። ለንደን ላይ ቢፈረድለት እንኳ ፍርዱን እዚያ ወስዶ ማስፈጸም ሌላ ተራራ ነው። በዚህ ረገድ ማልታ ያደረገችው ነገር ትምህርት ይሰጣል። የኦስትሪያና የጀርመን ተጫዋቾች በአገራቸው ፈቃድ ባልነበራቸው የማልታ ድርጅቶች ላይ የከሰሩትን ገንዘብ በአገራቸው ፍርድ ቤቶች እያስፈረዱ ማስመለስ ሲጀምሩ፣ ማልታ በ2023 የራሷ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያሉትን የውጭ ፍርዶች እንዳይቀበሉ የሚያዝ ሕግ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረት አባል የሆነች አገር ለአቋማሪዎቿ እንዲህ ከቆመች፣ ከፈቃድ ክፍያ ገቢ ከሚያገኝ አንድ ትንሽ ደሴት የብሪታንያ ተጫዋች ምን ሊጠብቅ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ስለ ደሴቶቹ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው። ኩራሳው በካሪቢያን ባሕር የምትገኝ፣ በኔዘርላንድስ ዘውድ ሥር ራሷን የምታስተዳድር ደሴት ናት። ለረጅም ዓመታት የፈቃድ ሥርዓቷ ጥቂት ዋና ባለፈቃዶች ፈቃዳቸውን ለሌሎች እየሸነሸኑ የሚያከራዩበት ነበር፤ ተጫዋቹ አቤት የሚልበት እውነተኛ ተቆጣጣሪ አልነበረም ማለት ይቻላል። በዲሴምበር 2024 አዲስ ሕግ አውጥታ ያንን የማከራየት አሠራር አስቀርታለች፤ እያንዳንዱ ድርጅትም በቀጥታ ከመንግሥት ተቆጣጣሪው ፈቃድ እንዲያወጣ ይጠበቃል። ይህ መልካም እርምጃ ቢሆንም፣ የኩራሳው ፈቃድ አንድ ድርጅት የብሪታንያን ሰው እንዲያጫውት መብት አይሰጠውም። አንዡዋን ደግሞ በሕንድ ውቅያኖስ ከኮሞሮስ ደሴቶች አንዷ ስትሆን፣ ፈጥኖና በርካሽ ፈቃድ የሚፈልጉ ድርጅቶች የሚሄዱባት ሆናለች። ከገጽ ግርጌ ስሟን ያየ ሰው ቅሬታውን ይዞ ወደ የትኛው ቢሮ እንደሚሄድ አስቀድሞ ቢያስብ ይበጀዋል።

እስካሁን የተባለውን አንብቦ ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች ጻድቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ግን ተሳስቷል። በማርች 2023 የዊልያም ሂል ድርጅቶች በድምሩ 19.2 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍሉ ተደርጓል። ኮሚሽኑ ካገኛቸው ጥፋቶች አንዱ፣ አንድ ደንበኛ አዲስ ሒሳብ ከፍቶ በ20 ደቂቃ ውስጥ 23,000 ፓውንድ ሲያጠፋ ማንም «ምን ሆነሃል?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። ሃያ ደቂቃ! ከዚህ የከፋው ደግሞ የፉትቦል ኢንዴክስ ጉዳይ ነው። ይህ ድርጅት ከ2015 ጀምሮ በኮሚሽኑ ፈቃድ ሲሠራ፣ ሰዎች በእግር ኳስ ተጫዋቾች ስም «አክሲዮን» እየገዙ ትርፍ እንዲጠብቁ ያደርግ ነበር። በማርች 2021 ሲፈርስ አክሲዮኖቹ ዋጋ አጡ፤ ያጠራቀሙትን ያፈሰሱ ሰዎችም ባዶ ቀሩ። በኋላ መንግሥት ያዘዘው ገለልተኛ ምርመራ ኮሚሽኑ ፈጥኖ አለመንቃቱን ነቅፏል። ማወቅ የሚገባውም፣ ቁማር ድርጅት ዘንድ የተቀመጠ ገንዘብ ባንክ እንደተቀመጠ ገንዘብ ዋስትና የለውም። ፈቃድ ያለው ድርጅት የሚገደደው የደንበኛን ገንዘብ ቢከስር ምን ያህል እንደሚጠብቀው በውሉ እንዲገልጽ ነው፤ ከደረጃዎቹ አንዱ «ምንም ጥበቃ የለውም» የሚል ነው፤ እንዲህ ብሎ ጽፎ መሥራት ይፈቀዳል። በስፖርት ውርርድ አዘውትሮ የሚያሸንፍ ሰው መደቡ እየተቀነሰ ወደ ሳንቲም የሚወርድበትም ፈቃድ ባላቸው ድርጅቶች ዘንድ ነው። ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ አንዳንዱን ሰው ወደ ባሕር ማዶ የሚገፋውም አንድ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ገፊ ምክንያት የገንዘብ አቅም ማጣራት ነው። ብዙ ሰው «ድርጅቱ የባንክ ሒሳቤን ሊበረብር ነው» ብሎ ይፈራል። በሥራ ላይ ያለው ደንብ ከሚወራው በእጅጉ የቀለለ ነው። ከፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 ጀምሮ፣ አንድ ሰው በአንድ ወር ያስገባው ካወጣው በ150 ፓውንድ ሲበልጥ፣ ድርጅቱ ለሕዝብ ክፍት የሆኑ መዝገቦችን፣ ለምሳሌ የኪሳራ ውሳኔና ያልተከፈለ ዕዳ ላይ የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ መኖሩን ይመለከታል። የባንክ ሒሳብ አይከፈትም፤ ደመወዝም አይጠየቅም። ከፍተኛ ገንዘብ ላይ ግን ድርጅቶቹ በራሳቸው ወይም በገንዘብ ማጠብ ሕግ ምክንያት የገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ይህ የግል ገመናዬን ነካ የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ያንኑ ፓስፖርትና የባንክ መግለጫ ገንዘብ ማውጫ ላይ ቆይቶ ማን እንደሆነ ለማይታወቅ የደሴት ኩባንያ የሚልክ ሰው ገመናውን የባሰ አሳልፎ ሰጥቷል።

የሁለተኛው ቀን፣ የማቆሚያው ቀን፣ ጉዳይ ከሁሉም ይከብደኛል። ብሪታንያ ውስጥ ጋምስቶፕ የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ። አንድ ሰው ስሙን፣ አድራሻውንና የልደት ቀኑን አስገብቶ ራሱን ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ለአምስት ዓመት ያግዳል። ከማርች 31 ቀን 2020 ጀምሮ ፈቃድ ያለው የኢንተርኔት ቁማር ድርጅት ሁሉ የዚህ አባል መሆን ግዴታው ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ መመዝገብ ሁሉንም በሮች በአንድ ላይ ይዘጋል፤ የተመረጠው ጊዜ ሳያልቅ ሐሳብን ቀይሮ መመለስም አይቻልም። ሰው ይህን የሚያደርገው አእምሮው በረጋበት ሰዓት፣ ወደፊት ለሚመጣው ክፉ ሌሊት ብሎ ነው።

የባሕር ማዶ ካዚኖዎች ይህን ሰው ለይተው ይፈልጉታል። «ጋምስቶፕ ውስጥ የሌሉ ካዚኖዎች» በሚል ርእስ የተዘጋጁ ዝርዝሮች ኢንተርኔቱን ሞልተውታል። ይህን ሐረግ የሚፈልገው ማን እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ራሱን ያላገደ ሰው ጋምስቶፕን የሚያመልጥበት ምክንያት የለውም። ዝርዝሮቹን «ምርጥ አሥር»፣ «የታመኑ» እያሉ የሚያዘጋጁት ብዙውን ጊዜ ደላሎች ናቸው፤ ክፍያቸውም ባመጡት ተጫዋች ልክ፣ ብዙ ጊዜም ያ ተጫዋች ከከሰረው ገንዘብ በመቶኛ የሚታሰብ ነው። ለመዳን በሩን በገዛ እጁ የዘጋን ሰው በጓሮ እየጠሩ ከኪሳራው ድርሻ መብላት በምን ቃል እንደሚገለጽ አላውቅም። ባንኮች የሚሰጡት የቁማር ክፍያ ማገጃም እዚህ ላይ ይልመሰመሳል፤ ማገጃው የሚሠራው ክፍያው በቁማር መለያ ቁጥር ሲመጣ ሲሆን፣ ከእነዚህ ድርጅቶች ብዙዎቹ ክፍያውን በሌላ የንግድ ስም ያሳልፉታል ወይም በክሪፕቶ ይቀበሉታል። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ሰው እንዲህ ያለውን ችግር ከሚስቱም፣ ከወንድሙም፣ ከንስሐ አባቱም ሸሽጎ ብቻውን ይታገለዋል። በምስጢር ራሱን ያገደ ሰው በምስጢር ሲመለስ የሚያይለት ዘመድ አይኖርም።

መንግሥት ከዚህ ንግድ የሚሰበስበው ግብር ነገሩን ወዴት እንደሚወስደው ክርክር አለ። ፈቃድ ያላቸው የኢንተርኔት ካዚኖዎች ግብር ከ21 በመቶ ወደ 40 በመቶ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ከፍ እንዲል በኖቬምበር 2025ቱ በጀት ተወስኗል። ከዚህ ሌላ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከገቢያቸው 1.1 በመቶ ለሕክምና፣ ለመከላከልና ለምርምር ይከፍላሉ። አቋማሪዎቹ ግብሩ ሲከብደን ቦነሱ ይቀንሳል፣ ደንበኛው ወደ ባሕር ማዶ ይሸሻል ይላሉ። የራሳቸውን ጥቅም ቢያስቡበትም ሐሳቡ ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ በጀቱም ሕገ ወጡን ገበያ ለመከታተል ለኮሚሽኑ ተጨማሪ 26 ሚሊዮን ፓውንድ መመደቡ ይህን ስለሚያውቅ ነው። ከባሕር ማዶው ካዚኖ ግን ለግብርም ለሕክምናም አንድ ሳንቲም አይገባም፤ እዚያ ተጫውቶ የታመመውን ሰው የሚያክመው ያው የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ነው።

የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ የሚከታተል አማርኛ አንባቢ ደግሞ ከዚህ ጉዳይ ጋር ሳያውቀው ተገናኝቷል። በማሊያ ደረት ላይ ከታዩት የአቋማሪ ስሞች አንዳንዶቹ የብሪታንያን ፈቃድ በቀጥታ የያዙ አልነበሩም፤ አይል ኦፍ ማን ደሴት ላይ በተቀመጠ ቲጂፒ ዩሮፕ በተባለ አንድ ድርጅት ፈቃድ ተጠልለው ይሠሩ ነበር። ድርጅቱ በሜይ 2025 የ3.3 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ሲጣልበት ፈቃዱን መልሶ ወጣ። ኮሚሽኑም ስማቸውን በማሊያቸው ይዘው ለነበሩ ክለቦች፣ ኒውካስልና ፉልሃምን ጨምሮ፣ ፈቃድ የሌለውን ቁማር ማስተዋወቅ ወንጀል መሆኑን አስጠንቅቋል። ታዋቂ ክለብ ደረት ላይ መታየት እንግዲህ የፈቃድ ማስረጃ አይሆንም።

ማስረጃው ሌላ ቦታ ነው፤ ለማየትም አምስት ደቂቃ ይበቃል። ፈቃድ ያለው ገጽ ግርጌው ላይ የኮሚሽኑን ስምና ድርጅቱ በኮሚሽኑ መዝገብ ያለውን መለያ ቁጥር ያሳያል። አርማውን ግን ማንም ሰርቆ ሊለጥፈው ስለሚችል አርማውን ማመን አይበቃም። በኮሚሽኑ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ አለ፤ በድርጅቱ ስም ብቻ ሳይሆን በገጹ አድራሻም መፈለግ ይቻላል። አድራሻው ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፤ አንድ ሰረዝ ወይም አንድ ቁጥር ከተጨመረበት ሌላ ገጽ ነው። መዝገቡ ላይ ድርጅቱ ቀደም ሲል ተቀጥቶ ከሆነ እርሱም አብሮ ይታያል።

ገንዘቡ ከወዲሁ የባሕር ማዶ ካዚኖ ዘንድ ተይዞ የሚገኝ ሰው ካለ፣ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት አንድም ተጨማሪ ሳንቲም አለመላክ ነው። «የማስለቀቂያ ክፍያ»፣ «የግብር ቅድሚያ» እየተባለ የሚጠየቅ ገንዘብ ማታለያ ነው፤ ብሪታንያ ውስጥ ተጫዋች ባሸነፈው ላይ ግብር አይከፍልም። የሒሳቡን ገጽና የተጻጻፈውን ሁሉ ፎቶ ያንሳ፣ ለባንኩ ወዲያው ያመልክት፣ ኮሚሽኑም ገንዘቡን ሊያስመልስለት ባይችል ገጹን ይከታተለው ዘንድ ያሳውቀው። ማቆም አቅቶት የተቸገረ ወይም የቤተሰቡ ሰው የተቸገረበት ደግሞ በብሔራዊው የቁማር እርዳታ መስመር በ0808 8020 133 ቀንም ሌሊትም በነፃ መደወል ይችላል፤ የተጫወተው ፈቃድ ባለው ገጽ ላይ ይሁን በሌለው ሳይለይ ያናግሩታል።